ወገዳ ላይ ፋይሉ እስኪያልቅ

አባቴ የሞቱ ቀን እኔ ወገዳ ነበርኩ። አንድ ያረጀ ሰርቨር አጠገብ ተቀምጬ ፋይል ተገልብጦ እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። እሳቸው ያረፉት ማለዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። በመካከል ያለውን ቀን የት እንደዋልኩ ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ላይ ነበርኩ እላለሁ። እውነትም ሥራ ላይ ነበርኩ።

የምኖረውም የምሠራውም ንፋስ መውጫ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ወገዳ ያለው ቅርንጫፋችን የገበሬውን የመሬት ይዞታ መረጃ የሚያስቀምጥበት ሰርቨር ነበረው። ማሽኑ አርጅቷል። ሲነሣ ያጓራል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነሣም። ንፋስ መውጫ አዲስ ማሽን መጥቶ ስለነበር «ሂጂና የድሮውን እንዳለ ገልብጠሽ አምጪው» ተባልኩ። በኢንተርኔት የሚሆን ነገር አልነበረም። ኢንተርኔቱ በሚሠራበት ቀን እንኳ ያን የሚያህል ፋይል ተሸክሞ አይደርስም።

ምን ያህል እንደሚያህል ልናገር፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። አንድ ዲስክ እንዳለ ሲገለበጥ ሰነዱ ብቻ አይደለም የሚወሰደው። ፕሮግራሙ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ባዶው ቦታ ሳይቀር ተጠቅልሎ አንድ ፋይል ይሆናል። እኛ ኢሜጅ እንለዋለን። የወገዳው ሰርቨር እንዲህ ያሉ ጥቂት ኢሜጆች ነበሩት። ትንንሾቹ በሄድኩ ዕለት አለቁ። ካርታውና የገበሬዎቹ ፎቶ ያለበት ግን ግዙፍ ነበር፤ ለእሱ ስል ነው የቆየሁት።

ሰርቨሩ የድሮ ስለሆነ ወደ ተንቀሳቃሹ ዲስኬ የሚገለብጠው እጅግ በዝግታ ነው። እሱስ ባልከፋ። የከፋው መብራቱ ነበር። በዚያ ሳምንት መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ይዤው የመጣሁት ባትሪ ትንሽ ይታገሥና መጮኽ ይጀምራል፤ ከዚያ ሁሉም ጥፍት። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩንና ዲስኬን የሚያመሳስለው ፕሮግራም ካቆመበት ይቀጥላል ብዬ ነበር። አይቀጥልም። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ያለውንና ዲስኬ ላይ የደረሰውን ከላይ ጀምሮ እያነበበ፣ ቁራጭ በቁራጭ እያስተያየ፣ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያረጋግጣል። ፋይሉ ትልቅ ሲሆን ማስተያየቱ ብቻውን የመገልበጡን ያህል ጊዜ ይበላል። ካቆመበት ሳይደርስ መብራቱ እንደገና ይሄዳል።

ረቡዕ ጨርሼ ሐሙስ እስቴ ልገባ ነበር ያሰብኩት። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ነው፤ እናቴና አባቴ እዚያ ገጠሩ ውስጥ ናቸው። ጥምቀት ካለፈ ትንሽ ቀን ሆኖት ነበር። አባቴን ከመኸሩ ጀምሮ ሆዳቸውን ያማቸዋል። «ጨጓራ ነው» ይላሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላቸው «ገብሱ ተወቅቶ ይግባ» አሉ። ገብሱ ገባ፤ ከዚያ ደግሞ «ባቄላው ይግባ» አሉ።

ማክሰኞ ደወልኩላቸው። በእኛ ቤት እናታችንን አንቺ፣ አባታችንን አንቱ እያልን ነው ያደግነው።

«ወገዳ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አሉኝ።

«ፋይል ልገለብጥ ነው አባዬ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ አይደለም፤ ማሽኑ ነው የሚገለብጠው።»

 አባቴ በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ ሊማሩ ሄደው ነበር። እንደ ደንቡ የሚማሩትን ራሳቸው እየጻፉ ቆይተው፣ አያታችን ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ወደ እርሻ ተመለሱ። መገልበጥ ሲባል ለእሳቸው የሚታያቸው ብርዕና ቀለም ነው።

«ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ።

«እጠብቃለሁ።»

«ሐሙስ ትመጫለሽ?»

«ካለቀልኝ እመጣለሁ።»

«ካላለቀ ጥለሽው እንዳትመጪ። የሰው መሬት ነው ያለበት።»

ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣ ነበር። ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ከዚያ በኋላ አላናገርኳቸውም።

ረቡዕ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። ወደ ማታ ላይ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩና ሐሙስ እንደማልደርስ ነገርኩት። እሱ እዚያው ከእነሱ ጋር ያርሳል። «ተኝተዋል፤ ሲነቁ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። በዚያ ሰዓት መተኛታቸው አላስገረመኝም። ባስገረመኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ ማሽኑ ሌሊቱን ሠርቶ ነበር። ከግማሽ ብዙ አልፏል። ደስ አለኝና ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ክፍል መዝገብ ቤቱ ነው። አንድ ሴትዮ አሉ፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ከመደርደሪያው ሥር ጠረጴዛ ያላቸው። እትዬ እላቸው ነበር። በጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ ራዲዮ አለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ዝቅ ብላ ታወራለች።

አጎቴ ለቅርንጫፉ ኃላፊ የደወለው ረፋዱ ላይ ነው። ቁጥሩን ከንፋስ መውጫ የሥራ ጓደኞቼ ነው ያገኘው። የእኔ ስልክ ከማሽኑ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ አልጮኸም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አጎቴ ኃላፊውን ያለው ይህን ነው፦ አባቷ አርፈዋል፤ ዛሬ መኪና ከሌለ አትንገሯት፤ በሰላም አሳድሯትና ማለዳ አርድታችሁ ስደዱልን። ወደ እስቴ የምትሄደው መኪና ገና ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ነበር። ሌላ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት ኃላፊው ስልክ ይዘው ወደ ግቢ ሲወጡ ነው። ከዚያ እትዬ ተጠርተው ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ ራዲዮዋን ዘጓት።

«ባትሪ አለቀባት?» አልኳቸው።

«አዎ፣ አለቀባት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ጭር አለ። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው በዝግታ ይራመዳል። ኃላፊው ገብተው «ስንት ቀረው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ገንዘብ ያዧ ለስላሳ ገዝታ አመጣችልኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ያላወራችኝ ልጅ ናት። «ስንት ቀረው?» አለች እሷም። ለእሷም ነገርኳት። ለፋይሉ ያን ያህል ይጨነቃሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደስም አለኝ። ሰው ስለ እኛ ሥራ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ከምሳ በኋላ እትዬ ወንበራቸውን አንሥተው አጠገቤ መጡ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ይህ ነገር ለምን እንዲህ ይዘገያል?» አሉ።

አስረዳኋቸው። ፕሮግራሙ ይህንንና ያንን ያስተያያል፤ አንድ ከሆኑ ያልፋል፤ ከተለያዩ ያንኑ ቁራጭ እንደገና ይወስዳል አልኳቸው።

«አንድ መሆናቸውን እያወቀ ለምን ያስተያያል?»

«አያውቅማ። ካላየው አያውቅም። ከላይ እስከ ታች ማየት አለበት።»

«ከሆነ ወዲያ ማየቱ ምን ይረባል» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አቧራ ገባብዎት?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ አቧራ ነው» አሉ።

እኔ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። ማስረዳት እወዳለሁ። ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። ሁለት ረጃጅም ሳጥን ሠርቼ፣ በመስመር ከፋፍዬ፣ ይህ ከዚህ ጋር፣ ያ ከዚያ ጋር እያልኩ። እሳቸው እጄን እንጂ ወረቀቱን አያዩም ነበር። አባቴ የተቀበሩት በዚያ ሰዓት ነው። ወንድሜ በኋላ ሲነግረኝ አስልቼ ደረስኩበት።

ወደ ሥራ መውጫ ላይ መብራቱ ሄደ። ባትሪው ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። መብራት ሲመለስ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ከላይ ጀምሮ ማስተያየት ገባ።

«በቃ፣ ነገም እዚሁ ነኝ» አልኩ።

«ዝጊውና ነይ» አሉ እትዬ። «ዛሬ እኔ ቤት ነው የምታድሪው።»

«አልጋ ይዣለሁ እኮ።»

«ይቅር አልጋው። ሆቴል ምን ያደርግልሻል፤ ነይ።»

ማሽኑን አልዘጋሁም፤ እየሠራ ትቼው ተከተልኳቸው። ቤታቸው ዶሮ ታርዶ ነበር። በአዘቦት ሐሙስ ለአንዲት የሥራ ባልደረባ ዶሮ ማረዳቸው ትንሽ አሳፈረኝ። «ብዪ» ይላሉ። በቃኝ ስል በእጃቸው ያጎርሱኛል። «ብዪ፣ ነገ መንገድ አለብሽ» አሉ። «ነገ አልሄድም እኮ እትዬ፣ ፋይሉ አላለቀም» አልኳቸው። አሁንም አጎረሱኝ። ጠግቤ ተኛሁ። እንቅልፌ ደህና ነበር።

ገና ሳይነጋጋ ሰው ሲያንኳኳ ሰማሁ። እትዬ ለብሰው ተቀምጠው ነበር፤ የተኙ አይመስሉም። በሩን ሲከፍቱ የሰፈሩ ቄስ፣ ኃላፊው፣ ገንዘብ ያዧ፣ የማላውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤት ሴቶች ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ያኔ አወቅሁ። ማን እንደሆነም አወቅሁ። የቀረው መነገሩ ብቻ ነበር።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ ቄሱ።

«ቆሜ ይሻለኛል አባ።»

«አባትሽ ታመው ነበር።»

«አዎን፣ ታመው ነበር።»

«እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ። ትናንት ማለዳ አርፈዋል።»

ሴቶቹ ጮኹ። እኔ የግድግዳውን ጭቃ አየሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ጭዱ ወጥቶ ይታያል።

«ቀብሩስ?» አልኩ።

«ትናንት ነው። ታመው የቆዩ ስለሆነ ሬሳውን ማቆየት አልተቻለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«እሺ» አልኩ። ከዚያ ኃላፊውን አየሁና «ማሽኑ እንዴት አደረ? መብራት አልሄደም?» አልኳቸው።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ «ልቧን ወስዶታል፤ ውኃ አምጡላት» አለች። ውኃ አመጡ፤ ጠጣሁ። ልቤን ምንም አልወሰደውም ነበር። መልሱን ፈልጌ ነበር የጠየቅሁት። ኃላፊው ግን አቀርቅረው «እሱን ተይው፣ እኔ አለሁ» አሉኝ።

እትዬ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው አብረውኝ ተሳፈሩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናዋ ስትዘል ትከሻዬን ይይዙኛል። የሚያለቅሱት እሳቸው ነበሩ። እኔ በመስኮት የታጨደውን ማሳ፣ በየአውድማው የተቆለለውን ጭድ እያየሁ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው። አንዱ በመንሽ ያነሣል፣ ነፋሱ ገለባውን ይወስድለታል። አባዬ ባቄላውን አስገብተው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ሞተዋል እኮ አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ ደግሞ ባቄላውን ማን ያስገባው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ ቤቱ ገና ብቅ ሲል እትዬ ነጠላቸውን መቀነት አድርገው ታጠቁና ጩኸታቸውን ለቀቁት። በሕይወታቸው አይተዋቸው የማያውቁትን ሰው «ጌታዬ፣ የእርሻው አባት፣ ልጅህ መጣች» እያሉ አለቀሱላቸው። ለቀስተኛው ከዳሱ ወጥቶ እየጮኸ ሊቀበለን መጣ። ልጅ ከሩቅ ለአባቷ ልቅሶ ስትደርስ የሚጠበቅባት አለ። መሬት ትወድቃለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ሰው ይዞ ያነሣታል። እኔን ሊይዙኝ ሁለት አክስቶቼ ክንዴን ጨብጠው ነበር። የሚያዝ ነገር አልነበረም። ቆሜ ነበር።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፤ ይወጣልሻል» አለችኝ አንዷ በጆሮዬ።

«እሺ» አልኳት። ሞከርኩም። ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። በነጠላው ውስጥ የሰርቨሩ ክፍል አቧራ ሸተተኝ።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። ድምፅዋ አልቆ ነበር። አቀፈችኝ። ከእሷ ትከሻ በላይ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ከተማ አደረቃት» ስትል ሰማሁ። አልተቆጣሁም። መልሼ ባስረዳት ምን እላት እንደነበር አላውቅም።

እትዬ አድረው ወደ ወገዳ ተመለሱ። እኔ ንፍሮ በሰፌድ እያዞርኩ፣ ኩባያ እያጠብኩ፣ ለመጣው ሰው መቀመጫ እየዘረጋሁ ቆየሁ። ሥራ ሲሰጡኝ ደህና ነበርኩ። ወንድሜ አንድ ቀን ከጓሮ እንጨት ስንፈልጥ «ረቡዕ ማታ ነቅተው ነበር» አለኝ። «መጣች ወይ አሉ። ሥራዋ አላለቀላትም አልኳቸው። እሺ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።»

«ሌላ ምንም አላሉም?»

«ውኃ አሉ። ሰጠኋቸው።»

እንጨቱን አቅፈን ገባን።

ከሠልስቱ በኋላ ወገዳ ተመለስኩ። እናቴ «ሂጂ፤ የጀመርሽውን ጨርሺ» አለችኝ፤ ዘመዶቼ ግን ገና አርባው ሳይወጣ መሄዴን አልወደዱትም። ኃላፊው ማሽኑን ዘግተው፣ ዲስኬን በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውት አገኘሁ። ፋይሉ እዚያው ከግማሽ ያለፈበት ቦታ ላይ ነበር።

ባሕር ዳር ያለች፣ ኮምፒውተር አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሐዘኔን ሰምታ ደወለችልኝ። አጽናናችኝና ምን እየሠራሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። «ለምን እንዳለ ትገለብጪዋለሽ? መጀመሪያ ቆራርጪው» አለች። «ትንንሽ አድርጊው። መብራት ቢሄድ የሚበላሽብሽ በእጅ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። ያለፈውን ስሙንና መጠኑን አይቶ ያልፈዋል፤ እንደገና አያነበውም። ንፋስ መውጫ ስትደርሺ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ።»

እንዳለችው አደረግሁ። መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ፣ መጣ። ፕሮግራሙ የደረሱትን ቁራጮች አልፎ፣ የተበላሸውን አንዱን ብቻ እንደገና ወስዶ ቀጠለ። በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ይህን መጀመሪያውኑ አድርጌው ቢሆን ረቡዕ ማታ እስቴ በሆንኩ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ይህን አሰብኩት፤ እንደ አንድ እውነት አሰብኩት፤ ከዚያ ዲስኩን ነቀልኩ።

እትዬ ሐሙስ ዕለት የሆነውን አንድ በአንድ የነገሩኝ ያኔ ነው። ስልኩን፣ ግቢው ውስጥ የተመካከሩትን፣ ራዲዮዋን ለምን እንደዘጓት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው። ለወቀሳ አልነበረም።

«ብንነግርሽ መኪና የለ። በእግርሽ ልትሮጪ ነበር? ቀኑንና ሌሊቱን በምን ትገፊው? አንድ ሌሊት እንኳ ትተኛ አልን።»

«ተኝቻለሁ።»

«ስትተኚ አየሁሽ። እዚያ ሣጥን እየሣልሽ ስታስረጂኝ ግን... የምትዪው አንዱም አልገባኝም ልጄ። ወረቀቱን ግን አልጣልኩትም።»

አመሰገንኳቸው። ስሜያቸው ወጣሁ።

ንፋስ መውጫ ቁራጮቹን ገጠምኩና በአዲሱ ማሽን ላይ አስነሣሁት። መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ የወገዳው ገጽ እንደነበረ መጣ። ለመፈተሽ አንድ መዝገብ ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ፣ በማሳቸው ወሰን ላይ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። ፀሐዩ በርትቶባቸው ዓይናቸውን አጥብበዋል። ሌላ ከፈትኩ፤ ይከፈታል። ሌላም። የሥራ ጓደኞቼ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ አንዱ ጎሽ አለኝ። እስኪበቃቸው አሳየኋቸውና ዘጋሁት።

የአርባው ተዝካር ሲቃረብ ፈቃድ ወስጄ እስቴ ሄድኩ። እናቴ ለጠላው ገብስ ታዘጋጅ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሰፌድ ተቀበልኳት። ጠጠሩንና እንክርዳዱን እየለቀምን ቆየን። ከዚያ ስለ አባቴ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ሞታቸው ሳይሆን፣ ባገቧት ዓመት ስለ ገዟት አንዲት እምቢተኛ በቅሎ። በቅሎዋ እየጣለቻቸው፣ እሳቸው እየተነሡ፣ ሰው እየሳቀባቸው ገበያ ድረስ የሄዱበትን ቀን ነገረችኝ። እሷ ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ደህና ነሽ ወይ አለችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት። እውነት ይሁን ውሸት ለይቼ አላውቅም፤ እሷም አላጣራችም። ፀሐይ ወደ እኛ ስትዞር ሰፌዳችንን ይዘን ወደ ጥላው ጠጋ አልን።